የዱዋል ወንበር

ፀደንያ ጎንበስ ብላ በስንጥር እንጨት የወንበሩን እግር ጭቃ ትፈቀፍቃለች። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ አንዱ ክንዱ ተሰንጥቆ በሽቦ ተሰፍቷል። የጉዴሌ ጭቃ አንዴ ከደረቀ እንደ ሸክላ ነውና የሚላቀቅላት በትንሽ በትንሹ ነው። እግሮቹን ስትጨርስ ጨርቅ ነክራ መቀመጫውን አሸች፤ ከዚያ መደገፊያውን፤ ከዚያ የተሰፋውን ክንድ፣ ሽቦው እንዳይወጋት እየተጠነቀቀች። ወንበሩ የሷ አይደለም። ዛሬ ለባለቤቱ ልትመልሰው ነው።

«ከዚህ በላይ ካሸሽው ቀለሙ ይለቃል» አሉ እትዬ አባይነሽ፣ ከምግብ ቤቱ ጓዳ በር ላይ ቆመው።

«ልመልሰው ነው እኮ እትዬ። ቆሽሾ ልመልስለት?»

«ሰውዬው የተቀየመው በወንበር ነው እንዴ? በጉርሻ ነው! ጉርሻ ደግሞ ታጥቦ አይመለስ።»

እትዬ አባይነሽ የፀደንያ እናት የልጅነት ጓደኛ ናቸው። የደቡብ ሱዳን ሰላም በተፈረመ ሰሞን ድስትና ትሪያቸውን ሸክፈው ከሀዋሳ ጁባ ገቡና ጉዴሌ በሚባለው ሰፈር በቆርቆሮ የተከደነች ምግብ ቤት ከፈቱ። ፀደንያ የምታድረው ከምግብ ቤቱ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። እትዬ ቀልዳቸው እንደ በርበሬያቸው ነው፤ ዛሬ ግን ቀልደው ሲያበቁ ፊታቸው ጨለም አለ።

«ካልመጣስ ፀዲ?» አሉ።

«አላውቅም እትዬ።»

የወንበሩ ባለቤት ዱዋል ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ከጠፋ ሰንበት ብሏል። ፈተናው ደግሞ ደርሷል። የቡድን ፈተና ነው፤ ሦስቱ የቡድኑ ልጆች አብረው ቆመው ጥናታቸውን ካልተናገሩ ለአንዳቸውም ነጥብ አይያዝም። ለፀደንያ ይህ ማለት እስካሁን የለፋችው ሁሉ ነው። ለዱዋል ግን የመጨረሻ ዓመቱ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ጠብቆ የደረሰበት። ያንን ሰው ከበሩ የመለሰችው እሷ፣ በገዛ እጇ ናት።

ነገሩ የጀመረው በወንበሩ ነው።

ፀደንያ ሀዋሳ ላይ የገጠር ልማት ተማሪ ሳለች ዩኒቨርሲቲዋ ለአንድ ዓመት በተማሪ ልውውጥ ውጭ አገር የሚሄዱ ልጆችን መረጠ። ጓደኞቿ በረዶ ወዳለበት አገር ሲደርሳቸው ለሷ ጁባ ደረሳት። የዶርም ልጆች እንደ ለቅሶ ቤት እያጽናኑ ሸኟት። እናቷ አለቀሰች። አያቷ ብቻ «እዚያም ሰው አለ አይደል?» ብላ ጠየቀች፤ አለ ሲሏት «እንግዲህ ምን ታለቅሳላችሁ» አለች።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ በአውሮፕላኑ መስኮት ቁልቁል ስታይ፣ ነጭ ዓባይ ጠመዝማዛውን ይዞ ሲጋደም፣ ዳርና ዳሩ አዲስ ቆርቆሮ እንደ መስተዋት ሲያብለጨልጭ አየች። ከተማው ሁሉ ትናንት የተጀመረ ይመስል ነበር። አንዱ ግድግዳ ያቆማል፤ አንዱ ጣሪያ ይመታል፤ አንዱ ገና ድንበሩን በገመድ ይለካል። ከካርቱም፣ ከካኩማ፣ ከካምፓላ፣ ከጋምቤላ የሚመለሰው ሰው ፍራሹን በጭነት መኪና ጭኖ ይገባል። ይህን ሁሉ አፏን ከፍታ ስታይ ለካ የራሷን ሻንጣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ረስታ ወጥታለች፤ እትዬ አባይነሽ ናቸው ተመልሰው ያመጡላት።

ትምህርቱ የሚሰጠው በግቢው ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። አዳራሽ ሳይጠፋ፣ አስተማሪያቸው ዛፉን ወደዱት። «ከቆርቆሮ ሥር የተማራችሁት በላብ ይወጣል» ይላሉ። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ ወንበሩን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት መንገዱ የወንበር ሰልፍ ነው። በራስ ላይ የተገለበጠ ወንበር፣ በትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ወንበር፣ ቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ኋላ በጎማ የታሰረ ወንበር። ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ከሩቅ ላያቸው ወንበሮቹ ራሳቸው ተነሥተው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ይመስላሉ።

ይህን ማንም አልነገራትም። በመጀመሪያው ቀን ደብተሯን አቅፋ ባዶ እጇን ደረሰች። ሁሉም ተቀምጧል። ከሰው ሁሉ ፊት ብቻዋን ቆማ የምትገባበት ጠፋት። አንዱ ከኋላ «ሀበሺያ፣ ወንበርሽን አዲስ አበባ ረሳሽው እንዴ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸና ሳቁ ከዛፉ ወፍ አስነሣ።

ያኔ አንድ ረጅም ሰው ከጥግ ተነሣ። ቁመቱ እዚያው ቆሞ ከማንጎው ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ፍሬ ያስቀጥፈዋል። ግንባሩን ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚያቋርጡ የጠባሳ መስመሮች አሉት፤ ቀኝ እግሩን ትንሽ ያነክሳል። ሰማያዊ ወንበሩን በአንድ እጁ አንሥቶ አመጣና አጠገቧ አስቀመጠው። ተመልሶ አሮጌ ጄሪካን ገለበጠና፣ እነዚያን ረጃጅም እግሮቹን አጣጥፎ ተቀመጠበት። ትምህርቱ ሲያልቅ ወንበሩን ልትመልስ ብትሄድ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዳ ቆሞ እኔ ብቀመጥ እናቴ ምን ትላለች?» አለ። «ያንቺ ነው። ስትሄጂ ትመልሺልኛለሽ።»

ዱዋል ነው። ኑዌር ነው፤ ዕድሜው ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ይበልጣል፤ ከአስተማሪው ብዙም አያንስም። ስለ እሱ የነገረቻት ሌላዋ የቡድኑ ልጅ ኛጋይ ናት። ኛጋይም ኑዌር ናት፤ ግን ጋምቤላ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ አገሬ ብላ የተመለሰች፤ አማርኛዋ ከፀደንያ ይፈጥናል።

«እሱ ፊደል የቆጠረው ጺም ካወጣ በኋላ ነው» አለቻት። «ጫካ ሆነው፣ ተኩስ ጋብ ሲል፣ አስተማሪ የነበረ ጓዱ በጥይት ቀለህ አሸዋ ላይ እየጻፈ አሳየው። ዝናብ ሲመጣ ትምህርቱ ይጠፋል። ስለዚህ ዝናብ ሳይመጣ መያዝ ነበረበት።»

ከዚያ ወዲህ ፀደንያ ዱዋል ሲያነብ ማየት ትወዳለች። ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንግዳ ብድግ ብሎ የሚቀበለው ይመስላል። እሷ በልጅነቷ ፊደልን እንደ ውኃ የጠጣችው ልጅ፣ አንድ ሰው አንድን ገጽ ሲጨርስ እንዲህ ፊቱ ሲበራ አይታ አታውቅም። አስተማሪው ንግግራቸውን ሲጨርሱም እጁን የሚያወጣ እሱ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ «ለምን?» ነው። አንዳንዴ ከብቶች በግቢው ሲያልፉ፣ ቀንዳቸው ከሰው ትከሻ የሰፋ፣ ትምህርቱ ይቆማል፤ ዱዋል እያንዳንዱን በዐይኑ ይሸኝና «አሁን ወደ ለምን እንመለስ» ይላል። አስተማሪውም ይስቃሉ።

አንድ ነገር ግን ይከነክናት ነበር። ዱዋል አይበላም። ቀትር ላይ ሁሉም ከበሩ ላይ ፉልና ዳቦ ገዝቶ ሲቀማመስ እሱ ይነሣና ዞር ይላል። ሻይ ይጠጣል፤ ያ ብቻ ነው። «ብላ እንጂ» ስትለው «በልቻለሁ» ይላል። ዳቦ ገዝታ ጄሪካኑ ላይ ብታስቀምጥለት ለሌላ ሰጠው። ቸግሮት ነው አለች። ኩራት ይዞት ነው አለች። ጉንጩ ወደ ውስጥ የገባ፣ አንገቱ የቀጠነ መሰላት፤ ማታ ማታ ለእትዬ አባይነሽ ታወራለች።

«አምጪው እንጂ!» አሉ እትዬ። «እኔ ቤት ገብቶ ሳይበላ የወጣ ሰው አለ?»

ጥናቱን ባጠናቀቁ ቀን አመጣችው። ከስደት ተመላሾች ጉዴሌ ውስጥ ቤት ሲሠሩ ማን ማንን እንደሚያግዝ የሚል ጥናት ነው፤ ሦስቱ ስንቱን አጥር ሲያንኳኩ የከረሙበት። ምግብ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከዱዋል ጋር ጫካ የነበሩ እኩዮቹም በጎን ካለው ጠረጴዛ ተሰብስበዋል፤ እሱን ሲያዩ በደስታ ጠረጴዛ ደበደቡ። እትዬ አባይነሽ ጥብሱን ከነምጣዱ እያንጫጩ አመጡ፤ ከሽሮውም፣ ከጎመኑም ትሪው ላይ ዘረገፉ። ኛጋይ እጇን ልትታጠብ ወጣች።

ዱዋል እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ብላ» አለች ፀደንያ።

«በልቻለሁ።»

«ይሄ ሰውዬ መቼም አንድ ቀን በልቼ አላውቅም ብሎ አያውቅ!» አሉ እትዬ ከኋላ። «አጉርሺው እንጂ ልጄ፤ ምን ታዪዋለሽ!»

ፀደንያም የሀዋሳ ልጅ ናት፤ ያደገችው በጉርሻ ነው። እንጀራውን ቀደደች፣ ጥሩውን ሥጋ መርጣ ጠቀለለች፣ ተነሣችና ወደ አፉ ዘረጋችው።

«በሞቴ!» አለች።

ዱዋል ወደኋላ አለ።

«እኔ ልሙት! አንዴ ብቻ!»

የጎኑ ጠረጴዛ ሰዎች መጉረሳቸውን ትተው ያያሉ። ጥይት ፊት ቆሞ የማያውቀው ዓይነት ፍርሃት ፊቱ ላይ መጣ፤ እሷ ግን ይሉኝታ መስሏት እጇን አስጠጋች። ከንፈሩን ነካችው። ያኔ ከእኩዮቹ አንዱ በኑዌርኛ የሆነ ነገር ጣል አደረገና ጠረጴዛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዱዋል ፊቱን አዞረ። ጉርሻው ነጭ ሸሚዙ ላይ ወደቀ፤ ቀይ መስመር ትቶ ወረደ። ተነሣ፤ በሩን ለማለፍ ጎንበስ አለ፤ ሄደ።

የፀደንያ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው፣ በርበሬው በዛ?» አሉ እትዬ አባይነሽ።

ኛጋይ እጇ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆማለች። «ምን አደረግሽ አንቺ?»

«አጎረስኩት።»

«ሰው ፊት? እኩዮቹ ፊት?» ኛጋይ ራሷን ያዘች። «በኛ ወግ ወንድ ልጅ ሊያገባት በሚችላት ሴት ፊት አይበላም እኮ! አፉን ሲከፍት አታይም፣ ሲያላምጥ አታይም። እናቱና እህቱ ብቻ ናቸው የሚያዩት። ለዚህ ነው ቀትር ላይ ዞር የሚለው። ከተሜዎቹ ትተውታል፤ እሱ አልተወም። አንቺ ጭራሽ እንደ ሕፃን ልጅ አፉ ውስጥ ልትከቺ? ጫካ ውስጥ ጦር የመራ ሰው?»

«እኔ እርቦት መስሎኝ ነው» አለች ፀደንያ።

«መሌሽ በያ አሁን» አለች ኛጋይ፤ በጁባ ዓረብኛ ይቅርታ በይ ማለቷ ነው። «መሌሽሽን ማን ይሰማልሻል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ዱዋል ማንጎው ሥር አልታየም። ጄሪካኑ ብቻ ተገልብጦ ይውላል። ፀደንያ በሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሱን ባዶ ቦታ ታያለች። ሻይ የምታፈላዋ ሴት እንኳ «ረጅሙ የት ገባ?» እያለች ትጠይቃለች።

ለዚህ ነው ዛሬ ወንበሩን አጥባ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ኛጋይን ከፊት አስቀድማ በጉዴሌ ጭቃ መሐል የምትሄደው።

«የምትይውን አዘጋጀሽ?» አለች ኛጋይ።

«ይቅርታ ነዋ የምለው።»

«እናቱ መጥተዋል አሉ። ለነጻነቱ ሕዝበ ውሳኔ ሊመዘገቡ በጀልባ ከሰሜን ተጉዘው። እሳቸው ካሉ አንቺ ዝም ብትዪ ይሻላል።»

ግቢው በሸንበቆ የታጠረ ነው። በመካከሉ ዛፍ የለም፤ ገና የተተከለ ችግኝ ብቻ። ከጎጆው ጥላ ሥር አንዲት ረጅም አሮጊት እግራቸውን ዘርግተው፣ ፒፓ አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ኛሩዋች ይባላሉ። ኛጋይ «ማሌ» ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ አሮጊቷም መለሱ። ከዚያ ዐይናቸው ወደ ወንበሩ ሄደ።

ፀደንያ ወንበሩን አስቀመጠች፤ መሬት ላይ ቁጭ አለችና የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ርቦት መስሎኝ አለች። በአገሬ የምንወደውን ሰው እናጎርሳለን አለች። ልጅዎን አዋረድኩት አለች። ኛጋይ እየተከተለች ታስተረጉማለች። አሮጊቷ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፀደንያ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ እሳቸው ግን ሳቅ ነው የያዛቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ምን አሉ?» አለች ፀደንያ።

«ጦር ያልጣለውን ልጄን በቁራሽ ጣለችው፣ ነው የሚሉት።»

ሳቃቸው ሲበርድ ኛሩዋች ጠጋ በይ አሏት። እጇን ያዙ፤ ገለበጡና መዳፏን አዩ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«በአገርሽ የሚያጎርሱት ማንን ነው?» ብለው በኛጋይ አፍ ጠየቁ።

«እንግዳን፣ ሙሽራን፣ ጓደኛን። የወደድነውን ሁሉ።»

«አንቺን ያጎረሰሽ ማን ነው?»

«አያቴ» አለች ፀደንያ። «ከሁሉ በፊት እኔን ነበር የምታጎርሰው። አሁንም ብሄድ ታጎርሰኛለች።»

አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ እጇን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ዝግ ብለው መናገር ጀመሩ፤ ኛጋይም ዝግ ብላ ተከተለች። ዱዋል ትንሽ ልጅ ሳለ መንደራቸው ተቃጠለና ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሸሹ። በመንገድ ላይ ልጁ ታሞ ማላመጥ አቃተው። የተገኘውን እህል እሳቸው አላምጠው በጣታቸው አፉ ውስጥ እያደረጉ አሻገሩት። ከድንበሩ ማዶ ባለው ካምፕ ተሻለው፤ ከዚያ አደገ፤ ከዚያ ከወንዶቹ ጋር ወደ ጦሩ ሄደ። እሳቸውም ዓመታት ሙሉ ይሙት ይኑር ሳያውቁ ኖሩ።

«ከኔ ጣት ወዲህ» አሉ፣ አመልካች ጣታቸውን አቁመው፣ «በዚያ አፍ የማንም እጅ አልደረሰም። ያንቺ መጣ።»

ፀደንያ ያንን ጣት አየች። ጥቁር፣ ቀጭን፣ መገጣጠሚያው ያበጠ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ያ ቁመት ሁሉ፣ ያ «ለምን» ሁሉ፣ በዚህ ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ድንበር መሻገሩን አሰበች። ቤተ ክርስቲያን የገባች ያህል ሻሿን አጠበቀች።

ኛሩዋች ወደ ጎጆው ጮኸው ተጣሩ። ዱዋል ወጣ። እስካሁን ሁሉንም እየሰማ ነበር። እነሱን ሳያይ አለፈና ጀርባውን ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። እናቱ ከጓዳ ቅል ወተት አወጡ። መጀመሪያ ራሳቸው ተጎነጩ፤ ቅሉን ለፀደንያ አቀበሉ። ወተቱ የጭስ ሽታ አለው፤ ጠጣች። ቅሉን ተቀበሏትና ለልጃቸው ጀርባ የሆነ ነገር ተናገሩ። ኛጋይ ወዲያው አላስተረጎመችም፤ ዐይኗን ጠረገች መጀመሪያ።

«ከቅሌ የጠጣች ልጄ ናት። እንግዲህ እህትህ ናት፤ ዙር፣ አሉት።»

ዱዋል ዞረ።

እናቱ ዋልዋል የሚሉትን ከማሽላ የሚሠራ ምግብ በወተት አርሰው ከፊቱ አኖሩ። እጁን ታጠበ፤ ኛጋይ እንደ ወጉ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ፀደንያን አየ፤ ምግቡን አየ። ከዚያ ዘገነ፤ አፉን ከፈተ፤ በላ። አላመጠ። ዋጠ። ደግሞ ዘገነ። ፀደንያ በዕድሜዋ ስንት ሰው ሲበላ አይታለች፤ በካፌ፣ በሠርግ፣ በማኅበር። አንድም ቀን ግን ሰው ሲበላ እንዳየች አስባ አታውቅም። አሁን አየች። ጉንጩ ሲንቀሳቀስ፣ የጉሮሮው ፍሬ ሲወጣና ሲወርድ፣ ከከንፈሩ ጠርዝ ላይ የቀረችውን ወተት በእጁ ጀርባ ሲጠርግ። ይህን ሁሉ ለማየት ተፈቅዶላት ነበር።

ሲጨርስ ዱዋል በእንግሊዝኛ «የተናደድኩ መስሎሻል» አለ።

«ታዲያስ?»

«አፌ ሊከፈትልሽ ነበር።» ወደ እናቱ ጣት አየ፣ ወደ መሬትም። «እጅሽ ሲመጣ ያ መንገድ ትዝ አለኝ። እነዚያ ሁሉ ሰዎች እያዩኝ እንደ ሕፃን ልከፍተው ነበር። ለዚህ ነው የሮጥኩት።»

ፀደንያ አለቀሰች። እሱ ግን ቶሎ ብሎ ነገሩን አዞረው።

«አሁን እህቴ ከሆንሽ የምጠይቅሽ አለኝ። በኛ አገር እህት ስትዳር ለወንድሟ ከብት ይመጣል። መቼ ነው የምታገቢው?»

«ሀዋሳ ላይ በከብት የሚያገባ የለም።»

«ምን ዓይነት እህት ነው ያመጣሽልኝ እማዬ!» አለ። ኛጋይ ለአሮጊቷ ስታስተረጉምላቸው ፒፓቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

ወንበሩን መልሶ አስይዞ ሰደዳት። «ስትሄጂ ነው ያልኩሽ፤ ገና አልሄድሽም» አለ።

በፈተናው ቀን ሦስቱ ማንጎው ሥር ጎን ለጎን ቆሙ። ዱዋል የታጠበ ሸሚዙን ለብሷል፤ የወጡ መስመር ደብዘዝ ብሎ ደረቱ ላይ ይታያል። ኛጋይ ጀመረች፤ ፀደንያ ቀጠለች፤ ዱዋል ደመደመ። ሲጨርስ አስተማሪው «ጥያቄ አለ?» አሉና ከተማሪው መሐል አንዱ «ለምን?» ብሎ ጮኸ። ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ዱዋል ከሁሉም በላይ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ መለሰለት፤ ረጅም መልስ፣ ደህና መልስ። አለፉ። ቀትር ላይ ዱዋል ዳቦውን ይዞ መጣና ከፀደንያ አጠገብ ተቀምጦ በላ። ከክፍሉ ልጆች ወጉን የሚያውቁት እርስ በርስ ተያዩ። «እህቴ ናት» አላቸው፣ እያላመጠ።

በጥር መባቻ ያ የተጠበቀው የሕዝበ ውሳኔ ቀን ደረሰ። ፀደንያ እንግዳ ናትና የምትመርጠው የለም፤ ግን ሰማያዊውን ወንበር ተሸክማ ኛሩዋችን ተከትላ ሄደች። ሰልፉ ከምርጫ ጣቢያው በር ተነሥቶ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዞሮ፣ ጎዳናውን ተከትሎ ከዐይን ይጠፋል። እንዲህ ያለ ሰልፍ አይታ አታውቅም። ሰው ይጋፋል ብላ ነበር፤ ማንም አይጋፋም። ክራንች የያዙ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ በልጅ የሚመሩ ዐይነ ስውር፣ የሠርግ ልብስ የለበሱ ባልና ሚስት። አንዳንዱ ዝም ብሎ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ ይዘፍናል። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲሄድ ፀደንያም ወንበሩን አንሥታ አንድ እርምጃ ታስጠጋለች፤ ኛሩዋች መልሰው ይቀመጣሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ተነሡና ከኋላቸው ላለች እርጉዝ ሴት ለቀቁላት። እሷም ለአንድ ሽማግሌ። ወንበሩ እንዲህ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ከሰልፉ ጋር በሩ ድረስ ሄደ።

ኛሩዋች ገብተው ሲወጡ አውራ ጣታቸውን ከፍ አድርገው ይዘውታል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ዱዋል ሮጦ ደገፋቸው። እሳቸው ጣታቸውን መጀመሪያ ለልጃቸው፣ ቀጥሎ ለፀደንያ አሳዩ፤ እየደጋገሙም አንድ ነገር አሉ።

«ብዕር ይዤ አላውቅም፤ ዛሬ ጣቴ ጻፈች ነው የሚሉት» አለ ዱዋል፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ።

ፀደንያ ወደ አገሯ ስትመለስ ወንበሩን ለባለቤቱ አስረከበች። እትዬ አባይነሽ ለመንገዷ ቋጥረውላት ሲያበቁ ዱዋልን ቀና ብለው አዩትና «እኔስ ምንህ ነኝ? እኔ ፊት መች ነው የምትበላው?» አሉት። «አንቺማ እናት ነሽ፤ በርበሬሽ ነው የሚያስፈራኝ» አላቸው። ያን ቀን በምግብ ቤቱ፣ በእኩዮቹ ፊት፣ በገዛ እጁ በላ።

ከዚያ ወዲያ ያቺ አገር ባንዲራዋን ሰቀለች። ፀደንያም ሀዋሳ ተመልሳ ትምህርቷን ጨረሰች። ቁጥሩ የተቀየረው የዱዋል ስልክ ግን አይነሣምና፣ ዐይኗ ጉዴሌ እንደ ቀረ ነው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ከመሐላችሁ ወደ ጁባ የሚሄድ ቢኖር አንድ ልመና አለ። ጠዋት በጉዴሌ መንገድ፣ ክንዱ በሽቦ የተሰፋ ሰማያዊ ወንበር የተሸከመ፣ ትንሽ የሚያነክስ ረጅም ሰው ብታዩ «የኛሩዋች ልጅ» ብላችሁ ጥሩት። እናቱን ጠይቁት፤ ስለ ፀደንያም ጣታቸውን ሳሙ። ቤቱ ወስዶ ምግብ ቢያቀርብላችሁ እጃችሁን ወደ አፉ አትዘርጉ፤ ዝም ብላችሁ ብሉ። ከእናንተ ሴት ካለችና እሱም ታጥቦ በፊቷ ከበላ፣ እህት ብሎ ቆጥሯታል ማለት ነውና እባካችሁ እንዴት አድርጎ እንደበላ አንድም ሳታስቀሩ መጥታችሁ ለፀደንያ ንገሯት።